የማዘንጊያ የስንዴ ሥጋ

ማዘንጊያ ለስላሳ ነገር አትወድም ነበር። ፓፓያ እንደ ልብ በሚገኝበት ድሬዳዋ ተወልዳ አድጋ ፓፓያ አፏ ዘንድ አድርሳ አታውቅም። "ሳላኝከው የሚገባ ነገር ምን ያደርግልኛል?" ትላለች። ሙዝ፣ ገንፎ፣ አጥሚት፣ በሻይ የራሰ ዳቦ፣ ሁሉንም የሕፃንና የበሽተኛ ቀለብ ብላ ነበር የምትጠራቸው። እኔ ደግሞ ዳቦዬን ሻይ ውስጥ ካልነከርኩ የማይሆንልኝ ሴት ነኝ። ስንት ዓመት አንድ ወጥ ቤት ውስጥ ስንሠራ በዚህ ነገር ሳንነታረክ የዋልንበት ቀን ትዝ አይለኝም።

እሷ ወጥ ሠሪ፣ እኔ አስተናጋጅ ነበርን። የምንሠራው ከዚራ ሰፈር፣ ከዛፎቹ ጥላ ገባ ብሎ ባለ የአንድ መሥሪያ ቤት ክበብ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ዛሬም እንጀራቸውን የሚበሉበት ሰዎች አሉ። ማዘንጊያ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት ነበረች። መንጋጋዋ ግን ዝም ብሎ አያውቅም። የተቆላ ሽምብራ ወይም ለምለም አጥንት ካጣች የቀረፋ ስንጥር ታኝካለች። ወጥ ስታስቀምሰኝ እንኳ ጨውና በርበሬውን አትጠይቀኝም፤ "ለጥርስ እንዴት ነው?" ነው የምትለኝ። እኔም ሆን ብዬ ላናድዳት "ጥሩ ነው፣ ይቀልጣል" እላታለሁ። ያን ቀን ሙሉ አታናግረኝም።

በደርግ ጊዜ፣ ፓርቲው ሊመሠረት ሽር ጉድ በሚባልበት ዘመን፣ መሥሪያ ቤታችን የተመደበው ካድሬ ጓድ ገብረወልድ ይባል ነበር። እንዲህ ያለ ስም ተሸክሞ ሃይማኖት ላይ እንዴት እንደዘመተ እሱ ያውቃል። ሁዳዴ ሲገባ፣ በሌላው ቀን የጾም ወጥ ብቻ በሚሠራበት ክበብ ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ወጥ እንዲሠራ አዘዘ። የሚጾም ይጹም፣ ማንም አይከለከልም ተባለ። ነገር ግን ኃላፊ የሆነ ሰው ከኃላፊዎች ጠረጴዛ ላይ ሽሮ ሲያዝ ከታየ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ስሙ ሳይነሣ ስለ እሱ ይወራል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ይገኛል።

የጋራዡ ክፍል ኃላፊ አቶ ሣህሉ በዚያ ዓመት ጭንቅ ውስጥ ነበር። ትንሿ ልጁን ወባ ጥሏት፣ ሐኪሞቹ ፊታቸውን ሲያዞሩበት፣ ከዳነችልኝ ሁዳዴን አንድም ቀን ሳላጎድል እጾማለሁ ብሎ ለገብርኤል ተስሎ ነበር። ልጅቷ ዳነች። ሁዳዴም ገባ። የመጀመሪያው ረቡዕ ከመድረሱ በፊት በወጥ ቤቱ የጓሮ በር ብቅ አለ። እንደ እሱ ያለ ኃላፊ በዚያ በር ሲገባ አይቼ አላውቅም።

"እኅቴ ማዘንጊያ፣ ቸግሮኛል" አላት። "ሥጋውን ብበላ ስለቴን አፈረስኩ። ባልበላ ደግሞ የልጆቼን ጉሮሮ ዘጋሁ። ሥጋ የሚመስል የጾም ነገር ሥሪልኝ።"

"የሽምብራ ዓሣ እሠራልዎታለሁ፣ ማንም አይለየውም" አለችው።

የሽምብራ ዓሣ ማለት የሽምብራ ዱቄት ታሽቶና ተጠፍጥፎ፣ በዘይት ተጠብሶ ወጥ ውስጥ የሚገባው ነው። ማዘንጊያ እንደ ሥጋ ቆራርጣ በጾም ድስቷ ሠራችው። መልኩ ምንም አይወጣለት። ሣህሉ አንዴ ጎረሰ፣ ሁለቴ አኘከ፣ አለቀ። አጠገቡ የተቀመጠው ገብረወልድ አንዷን ጅማት ይዞ ገና እየታገለ ነው። "ጓድ ሣህሉ፣ ጥርስህ ጎበዝ ነው" አለው። የቀልድ ይሁን የምር አልታወቀም። ሣህሉ ግን ያን ቀን ላብ ሲያጠምቀው ዋለ።

ማዘንጊያ ይህን ስነግራት ከማንም በላይ የተናደደችው እሷ ነበረች። "አጥፍቻለሁ። ሽምብራ ይፈርሳል፤ ሥጋ ግን እንቢ ማለት አለበት" አለች። ለዓርብ ሊጥ አድርቃ ጠበሰች። እሱ ደግሞ እንቢታው በዛ። ሣህሉ ሲነክሰው ቋ ብሎ ሌላው ጠረጴዛ ድረስ ተሰማ። እግዜር ይስጠው፣ ፊት ለፊቱ የነበረው ሸረፈዲን ያለ ጉንፋኑ እየሳለ ድምፁን ሸፈነለት።

ሸረፈዲን የሣህሉ መካኒክና የልብ ወዳጁ ነበር፤ ሁልጊዜ ከእሱ ጋር ይበላል፣ ምስጢሩንም ያውቃል። እሱ ራሱ የክበባችንን ሥጋ ቀምሶ አያውቅም። በሬው የሚታረደው በክርስቲያን ቢላ ነውና፣ ጾም ኖረም አልኖረም ማኮሮኒውን ወይም ፉሉን ይበላል። ገብረወልድም ይህን ደፍሮ አልነካውም። ክርስቲያኑ የእስላም ሥጋ፣ እስላሙ የክርስቲያን ሥጋ አለመብላቱ ድሬዳዋ ውስጥ ማንም የማይከራከርበት ነገር ነው። ሰርግ ሲደገስ ሁለት ዳስ፣ ሁለት ወጥ ቤት ይዘጋጃል፤ ሰው በየዳሱ በልቶ ሲያበቃ አብሮ ይጨፍራል።

ማዘንጊያ መፍትሔውን ያገኘችው በራሷ አፍ ውስጥ ነው። ሰፌድ ላይ ስንዴ ስትለቅም እንደ ልማዷ ጥሬውን ወደ አፏ እየወረወረች ታኝክ ነበር። ስንዴ ሲያኝኩት ቆይቶ ማስቲካ እንደሚሆን ልጅ ሆኖ ያልሞከረ የለም። ድንገት ማኘኳን አቆመች። ከአፏ አውጥታ በሁለት ጣቷ ሳበችው፤ ተለጠጠ። "የሺአረግ፣ ይኼ እንቢ ይላል" አለችኝ።

ያንኑ ቀን የስንዴ ዱቄት አቡክታ፣ ሊጡን በውሃ ታጥበው ጀመር። ሰው ሊጥ ሲያጥብ አይቼ ስለማላውቅ አእምሮዋን የነካት መስሎኝ ነበር። ነጩ እየታጠበ ወጥቶ አለቀና ጎማ የመሰለ የሚለጠጥ ነገር ቀረ። በነጭ ሽንኩርትና በጨው ቀቀለችው፣ በእጇ እየገነጣጠለች በዘይት ጠበሰችው፣ ከዚያ ቁሌት ውስጥ ጨመረችው። አንዷን አቀመሰችኝ። መንጋጋዬ እስኪዝል አኘክኩና "ጅማት ነው፣ እንዴት ሰው ይበላዋል?" ብዬ ተቆጣሁ። ማዘንጊያ በደስታ አቀፈችኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አቅፋኝ አታውቅም።

ከዚያ ወዲያ ረቡዕና ዓርብ፣ ከሌላው እንዳይምታታብን፣ ጠርዙ የተላጠውን ሰሃን ለሣህሉ የማቀርበው እኔ ነበርኩ። ሣህሉም ልብ አገኘ። እየጎተተ ያኝካል፤ አልፎ ተርፎ "ዛሬ ደግሞ አሮጌ በሬ ነው የታረደው" እያለ ያማርራል። ወጥ ቤት ገብቼ ስነግራት ማዘንጊያ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቃለች።

ጾሙ ከተጋመሰ በኋላ አንድ ዓርብ ገብረወልድ የራሱን ጨርሶ ወደ ሣህሉ ሰሃን አየ። "የአንተ ሁልጊዜ ይጥማል መሰለኝ፣ እስቲ ልቅመሰው" ብሎ እጁን ዘረጋ። በእኛ አገር ወደ ማዕድ የተዘረጋ እጅ አይመለስም። ሣህሉ እንደ ተቀመጠ ደረቀ። እኔ የውሃ ጆግ ይዤ ቆሜ ነበር፤ ልድፋበት ብዬ አስቤ እስክወስን ሸረፈዲን ቀደመኝ። ከወዲያ ማዶ ተንጠራርቶ በሰሃኑ ላይ የቀረውን በሙሉ በአንድ እንጀራ ጠቅልሎ ጎረሰው።

ሸረፈዲን የክርስቲያን ሥጋ በላ። የማዘንጊያ ስንዴ ደግሞ ቶሎ ታኝኮ የሚዋጥ ነገር አይደለም። ሰው ሁሉ ዓይን ዓይኑን እያየው ያኝካል፤ ሁለቱም ጉንጮቹ ተወጥረዋል፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ገብረወልድ ቀስ ብሎ ተነሣና ትከሻው ላይ እጁን አሳረፈ። "ጓዶች፣ አያችሁ? አዲሱ ሰው ይሄ ነው" አለ። በማግስቱ በስብሰባ ላይ ያንኑ ደገመው። ወሬው ግን ስብሰባውን አልጠበቀም፤ በዚያው ዓርብ ሳይመሽ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ነበር።

ከደቻቱ ማዶ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እንደ እናት አዴ የሚላቸው አዴ ፋዱማ ይኖራሉ። ልጃቸው ሸፊቃ ለሸረፈዲን ታጭታ፣ ኒካሑ ከእኛ ፋሲካ በኋላ፣ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ተቆርጦ ነበር። አዴ ፋዱማ የሰሙትን ሰምተው "ከእንግዲህ ደጄን እንዳይረግጥ" ብለው ላኩበት። ሸረፈዲን ስንዴ ነው የበላሁት ቢል ይድናል። ታዲያ ስንዴው ሣህሉ ሰሃን ላይ ምን ይሠራ ነበር ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም፤ መጋላ የተነገረ ነገር ደግሞ እንደዚያው ሳይመሽ ከዚራ ይደርሳል። ስለዚህ ዝም አለ። መኪና ሥር ገብቶ ይውላል፣ ሰው አያናግርም።

ሣህሉ ነገሩን ሲሰማ ለገብረወልድ ሁሉንም ልናገር ብሎ ተነሣ። ሸረፈዲን ወጥ ቤታችን ደጃፍ ላይ እጁን ይዞ አስቆመው።

"ዋሪያ፣ ተው አቦ። ልጅህን አላህ አድኖልህ እኔ ስለትህን ላስፈርስ? ሴት እንደሆነ ሌላ ይገኛል" አለው።

ሸፊቃን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲወድ እንደኖረ፣ ሌላ እንደማይፈልግ፣ እዚያ የቆምነው ሁሉ እናውቅ ነበር። ማዘንጊያ ድስቷን ከድና ወደ ጓሮ ወጣች። ተከትያት ስወጣ ታለቅሳለች። እሷ ሽንኩርት ስትከትፍ እንኳ እንባ የማይወጣት ሴት ናት። "እኔ በሠራሁት ነገር የሰው ትዳር ሊፈርስ ነው" አለችኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ዱቄት ቋጥራ፣ እኔን አስከትላ በደረቀው ደቻቱ አሸዋ ተሻገርን። አዴ ፋዱማ ጥርሳቸው የሳሳ፣ ደልደል ያሉ፣ ቆፍጣና ሴት ናቸው። በር ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩን።

"ሥጋውን የምታበስዪ አንቺ ነሽ?" አሏት።

"እኔ ነኝ፣ አዴ። ውሃና ድስት ብቻ ይስጡኝ። ቢላ እንኳ አልያዝኩም" አለች ማዘንጊያ።

ምን እንዳሰቡ አላውቅም፣ አስገቡን። ማዘንጊያ በእሳቸው ድስት፣ በእሳቸው ዘይት፣ በእሳቸው ፊት አቡክታ፣ አጥባ፣ ቀቅላ፣ ጠብሳ አቀረበች። ሸፊቃ ከመጋረጃ ጀርባ ትሰማለች። አዴ ፋዱማ ቢስሚላሂ ብለው በቀሯቸው የግራ ጥርሶች ረጅም ጊዜ አኘኩ።

"ወላሂ ሥጋ ነው። ለእኔ ጥርስ አይሆንም እንጂ" አሉ። ቆይተው ደግሞ ቀና ብለው ማዘንጊያን አዩዋት። "አቦ፣ ከተማው ሙሉ ሥጋ እያለ ለማን ብለሽ ነው ይሄን ሁሉ የምትደክሚ?"

ማዘንጊያ መሬት መሬት አየች።

"እናንተ አሁን ጾም ላይ ናችሁ፣ አይደል?"

"አዎ፣ አዴ።"

"ያ ካድሬ የሚባለው በጾማችሁ ሥጋ ያበላል አሉ።"

"አዎ።"

አዴ ፋዱማ በእጃቸው የቀረውን ቁራጭ ሰሃኑ ላይ መለሱት። "በቃ፣ ስሙን እንዳትነግሪኝ። ያላወቅኩትን አልናገርም" አሉ። ከመጋረጃው ጀርባ ሸፊቃ ስታለቅስ ተሰማን።

ከዚያ ቀን በኋላ አዴ ፋዱማ ለጠየቃቸው ሁሉ "ልጁ የበላውን እኔ አውቃለሁ፣ ሐላል ነው" ይላሉ፤ ሌላ ነገር ከአፋቸው አይወጣም። ወንድማቸው መጥቶ ማስረጃ አምጪ ቢላቸው "ማስረጃው እኔ ነኝ" አሉት። ልጇን ለመዳር ብላ ዲኗን ረሳች ብለው ያሟቸው አሉ፣ ቤታቸው መምጣት የተዉ ጎረቤቶችም አሉ። ስንዴ የምትለዋን አንዲት ቃል ቢናገሩ ሁሉም አፉን ይይዝ ነበር። አልተናገሩም። እኔ ብሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን አደባባይ ወጥቼ እጮህ ነበር። ስለማያውቁት ሰው ያን ያህል መታማታቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ፋሲካ አለፈ፣ የሰርጉም ቀን ደረሰ። እንደ ወጉ ሁለት ዳስ ተጥሎ እኛ በክርስቲያኑ ዳስ ተቀመጥን፤ ማዘንጊያ፣ እኔ፣ ሣህሉ ከነባለቤቱና ከዳነችው ልጁ ጋር። ገብረወልድም የክብር እንግዳ ሆኖ ከላይ ተሰይሟል። አዴ ፋዱማ እንግዳ እየተቀበሉ ሲዞሩ ከእኛ ዘንድ ሲደርሱ ወደ ማዘንጊያ ጆሮ ጎንበስ አሉ።

"ያ ሰውዬ ጾሙን ጨረሰ?" ብለው በሹክሹክታ ጠየቋት።

"ጨረሰ፣ አዴ። አንድም ቀን አላጎደለ።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉና ወደ ሌሎቹ እንግዶች አለፉ።

ሣህሉ ከማዘንጊያ አጠገብ ስለነበር ሰምቷል። ያነሣውን ጉርሻ ሰሃኑ ላይ መለሰው። ተነሥቶ ተከተላቸውና ከፊታቸው አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ማን እንደሆነ የነገራቸው የለም፤ እኔ ግን ያወቁት ይመስለኛል።

"ምነው ልጄ፣ ምግቡ አልተስማማህም እንዴ? ሂድ፣ ብላ" አሉት።

ተመልሶ መጥቶ በላ።