ሐጎስን ከጣራ ስር ያወረድንበት ቀን

ከመተማ የወጣሁት ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው፤ ከመንግሥት እርሻው ጋራዥ፣ የሥራ ቱታዬን እንኳ ሳላወልቅ። ሁለት ባልደረቦቼን አብዮት ጥበቃ ጠርቷቸው አልተመለሱም። ሦስተኛው ስም የኔ መሆኑን ሹክ ያለኝ የእርሻው ዘበኛ ነው። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ስለነበር መደበቁ አልቸገረኝም፤ የቸገረኝ የራሴ ኮቴ ነው። በየእርምጃው ሰው የሚከተለኝ ይመስለኝ ነበር።

የሱዳኗን ድንበር ከተማ ገላባትን አልፌ ገዳሪፍ ስደርስ አገሩ የኛን ቆላ መስሎኝ ተጽናናሁ። ሙቀቱ ያው፣ ሰሊጡ ያው። ኪስራ የሚሉትን የማሽላ ቂጣቸውን ግን እንጀራ ነው ብዬ ጎረስኩት፤ ከመሳሳቱ የተነሳ አፍ ውስጥ ይጠፋል። ጠግቤም የበላሁ አይመስለኝም ነበር።

በወሩ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ በመካኒክነት ገባሁ፤ ያለ ተስሪህ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ ወረቀት። ኃላፊው ሐጅ በሽር “እጅህ ይሥራ እንጂ ወረቀቱ ኋላ ይመጣል” አሉኝ።

መጋዘኑ ሰው ወደ ላይ የሚያወጣ ማሽን ነበረው። እንደ መቀስ የተጣመሩት ብረቶቹ ሲዘረጉ መድረኩ ይነሳል፣ ሲታጠፉ ይወርዳል። አንድ ረፋድ ላይ ሐጎስ የሚባል፣ ከኡም ጋርጉር የስደተኞች መጠለያ የመጣ በያጅ፣ ጣራ ሊጠግን ወጣበት። ቀትር ላይ ልውረድ ብሎ ቁልፉን ቢጫን ማሽኑ ዝም አለ። ከአናቱ እስከ ቆርቆሮው አንድ ክንድ ቢሆን ነው፤ ቆርቆሮው ይፋጃል። መሰላላችን ግማሹን እንኳ አይደርስም።

“ወንድሜ፣ ራሴን እያዞረኝ ነው” አለኝ ከላይ።

“ቁጭ በል፤ ዳር አትጠጋ።”

ሐጅ በሽር “የዘይቱን ጎማ ፍታው፣ ራሱ ይወርዳል” አሉ። መድረኩን ተሸክሞ የያዘው ግን ዘይቱ ነው፤ ጎማው ከተፈታ ሐጎስ ከነመድረኩ ይወድቃል።

“አልፈታም፣ ሐጅ” አልኩ።

ሐጎስ ማውረጃውን እየተጫነ፣ እኔ በመፈተሻ አምፖል ከባትሪው ጀምሬ ሽቦውን ተከተልኩ። አምፖሉ እስከ መሃል ይበራል፤ ዘይቱን የሚለቀው ቫልቭ ጋ ይጠፋል። ብረቶቹ ሲታጠፉ ሽቦውን ቆንጥጠው በጥሰውት ኖሯል። ስቀጥለው ቫልቩ ቀጭ አለ፤ መድረኩ ግን ንቅንቅ አላለም። የእህል አቧራ ዘይቱ ውስጥ ገብቶ ቫልቩን አጣብቆታል።

ይሄኔ ወረቀት ተቆጣጣሪ ፖሊስ ገባ።

“አንተ ሐበሻ፣ ተስሪህ?”

“የለኝም” አልኩት በተሰባበረ አረብኛዬ።

“ላይ ያለውስ?”

“እሱ አለው። ግን ኪሱ ውስጥ ነው፤ ኪሱም ላይ ነው።”

ቀና ብሎ ብዙ አየ። “እንግዲያው መጀመሪያ እሱን አውርድልኝ፤ ከዚያ አንተን እወስድሃለሁ።”

በማሽኑ ጎን በእጅ የሚዞር ሌላ ማውረጃ አለ፤ ዝጎ ደርቋል። ነጭ ጋዝ አፈሰስኩበትና ጠበቅሁ። ከላይ ድምፅ ጠፋ። ስጠራው ዘግይቶ “አለሁ” ይላል፤ ደግሞ ስጠራው ከበፊቱ ይዘገያል። እጄ በላብ እየተንሸራተተ በመፍቻ ቀስ ብዬ መታ መታ አደረግሁት። በስንት ጣር ትንሽ ዞረ። ዘይቱ ሲሄድ ተሰማኝ፤ መድረኩ ስንዝር በስንዝር ወረደ።

ሐጎስ መቆም አልቻለም። ደግፎ ያወጣው ፖሊሱ ነው፤ ከገዛ ኮዳው ውሃ ያጠጣውም እሱ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ “እንሂድ” አለኝ።

ሦስት ቀን ታሰርኩ። ማሽኑን ሌላ ሰው ሊነካው ስለፈራ ሐጅ በሽር ወረቀት አስጽፈው አስወጡኝ። ወረቀቱ ከገዳሪፍ እንዳልወጣ ይከለክላል፤ ኡም ጋርጉር ሄጄ ሐጎስን ልጠይቀው አልቻልኩም።

ከብዙ ምልልስ በኋላ ስልክ ቤቱ የጎንደር መስመር አገኘልኝ። ታላቅ እህቴ እታለም እዚያ ክሊኒክ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ስልኩን ያነሳችው እሷ ናት። ማን እንደሚያዳምጥ ስለማይታወቅ ስሜን መጥራት ፈራሁ።

“ማን ልበል?” አለች።

“ስለ አንድ በሽተኛ ላማክር ነበር።”

ድምፄን ለየችው መሰለኝ፤ በር ስትዘጋ ተሰማኝ።

“በሽተኛው ይበላል?”

“ይበላል።”

“እንቅልፍስ?”

“እሱ እንኳ እምብዛም ነው።”

“ወደዚህ እንዳታመጡት” አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “አልጋ የለንም። እዚያው ይቆይ።”

እናታችን እንዴት እንደሆነች ልጠይቅ አፌን ስከፍት መስመሩ ተዘጋ።