በአጥንት የተጣራው ውሃ

ሽልማቱ የውሃ ጠብታ ቅርጽ ያለው መስታወት ነበር። አዳማ በምሠራበት ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ፕሮግራሙ ሊጀመር ሲል፣ አስተናጋጆቹ ሲቀባበሉት የጣት አሻራ ሞልቶት ስለነበር "እስቲ አንቺ ወልውዪው" ብለው ሰጡኝ። በለስላሳ ጨርቅ እያሸሁ ከሥሩ የተቀረጸውን ስም ሳነብ የተቃጠለ አጥንት ሸተተኝ። አዳራሹ ውስጥ ከአበባና ከአዲስ ምንጣፍ በቀር የሚሸት ነገር አልነበረም። ሽታው የመጣው ከስምንት ዓመት በፊት ነው።

መድረክ መሪው የተሸላሚውን ሰውዬ ሥራዎች ዘርዝሮ እስኪጨርስ ሦስት ጠረጴዛ አነሳሁ። በአካባቢ ኬሚስትሪ ስንት ጽሑፍ እንዳሳተመ፣ ስንት አገር እንደተጋበዘ፣ ስንት ተማሪ እንዳስመረቀ። በመጨረሻ "የስምጥ ሸለቆን ሕዝብ ንጹሕ ውሃ ያጠጣ" ሲል ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። እኔ ሰሃን ይዤ ስለነበር አላጨበጨብኩም። ባልይዝም አላጨበጭብም ነበር። ሊቀበል ሲወጣ በአጠገቤ አለፈ። አየኝ፤ ወንበር እንደሚያይ ሰው አየኝ።

አንቺ እዚህ ሥራ ላይ አዲስ ስለሆንሽ ያን ቀን ፊቴ ለምን እንደተለዋወጠ ጠይቀሽኝ ነበር። ብዙ ማውራት ስለማልወድ ዝም አልኩሽ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው።

ያደግሁት ከቡልቡላ ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ በእግር በሚደረስበት መንደር ነው። የጉድጓዳችን ውሃ ሲያዩት ኩልል ያለ ነው፤ ግን ፍሎራይድ የሚባል ነገር አለበት። በሕፃንነቱ የጠጣው ሰው ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይበቅላል፤ ሲያረጅ ደግሞ ወገቡ ይጎብጣል። በእኛ መንደር ሰው የሚስቀው ከንፈሩን ገጥሞ ነው። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ዘጠነኛን ለመማር ከተማ መውረድ ሲገባኝ ቀረሁ። ለእናቴ ራሴን ያመኛል አልኳት። እውነቱ ግን የከተማ ልጆች ገበያ ላይ ሲያገኙን "ጥርስሽን በሻይ ነው የምትፍቂው?" ስለሚሉን ነበር።

እሱ የመጣው በዚያ ዓመት ነው። ያኔ ዶክተር ነበር፤ ፕሮፌሰር የሆነው በእኛ ውሃ ነው። አሁን "እሱ" እያልኩ አወራልሻለሁ እንጂ ያኔ "እርስዎ" ለማለት እንኳ ድምፅ አይወጣኝም ነበር። በነጭ መኪና፣ ባዮ ኢንጂነሪንግ ከተማረች ወጣት ረዳቱ ጋር መጣ። ሰዉን ዛፍ ሥር ሰብስቦ፣ የከብት አጥንት አየር በማይገባው ምድጃ ሲቃጠል ጥቁር ከሰል እንደሚሆን፣ ውሃው በዚያ ከሰል ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይዱ እንደሚቀር ነገረን። ውሸት አልተናገረም። እውቀቱን አልንቅበትም፤ የምንቀው ሌላውን ነው።

የቆርቆሮ ቤት ተሠራ፤ ትልቅ ሮቶ ቆመ። አጥንቱ ከሻሸመኔ ቄራ ተሰብስቦ፣ አዳማ ተቃጥሎ፣ በጆንያ መጣ። ጆንያው ሲፈታ እሳት የላሰው ፀጉር ይሸታል። ጠዋት ጠዋት በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳዎች ፀሐይ እንደ ክር ትገባለች፤ ውሃው ጀሪካን ውስጥ ሲወርድ መጀመሪያ ይጮኻል፣ እየሞላ ሲሄድ ድምፁ ይወፍራል። ዶክተሩ መዝገብ የሚይዝለት ሰው ሲፈልግ ጽሕፈቴን አየና ለረዳቱ "ይቺ ትሁን፤ ዝም የምትል ናት" አላት። እንደ ምስጋና ቆጠርኩት። ሥራዬ ማን ስንት ጀሪካን እንደቀዳና መጠጣቱን መጻፍ ነበር። በየሳምንቱ ደግሞ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ውሃ አድርጌ ቀይ ጠብታ እጨምራለሁ። ቅላቱ ከቆየ ውሃው ደህና ነው፤ ከገረጣ ፍሎራይድ አለበት።

ታናሽ እህቴ የተወለደችው ይህን ሥራ በጀመርኩበት ወር ነው። እናቴ አቅፋት ወደ ቆርቆሮው ቤት መጣችና ብልቃጡን አሳዪኝ አለችኝ። ቀይ ነበር። "እንግዲህ ይቺ እንኳ አፏን ከፍታ ትሳቅ" አለች። ከጡት በቀር ወደ አፏ የሚገባው ይህ ውሃ ብቻ እንዲሆን ያን ቀን ወሰነች። እኔም ከዚያ በኋላ የፈለግሁት ይህንኑ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ሁዳዴ ሲቃረብ ነው። ቀድመው የጠየቁት ግን እማማ የምንላቸው ሙስሊሟ ጎረቤታችን ነበሩ።

"ልጄ፣ ይሄን ከብት ማነው ያረደው?"

"ቄራ ነው የታረደው፣ እማማ" አለ ዶክተሩ።

"ቄራማ ቤት ነው። እኔ የጠየቅኩህ ሰውየውን ነው።"

ዶክተሩ ሳቀ። "ከተቃጠለ በኋላ እኮ አጥንት አይባልም። ካልሲየምና ካርቦን ብቻ ነው።"

"ቤቱ የተቃጠለበት ሰውም ድሮም ቤት አልነበረኝም ይበላ።"

ሴቶቹ ከንፈራቸውን ገጥመው ሳቁ። እናቴ በተራዋ፣ በጾም አጥንት ያለፈበት ውሃ ይጠጣል ወይ ብላ ጠየቀች። ዶክተሩ ሰዓቱን አየ። "ይሄ የግንዛቤ ጉዳይ ነው፤ ግንዛቤ እንሰጣለን" አለ። በሳምንቱ ግንዛቤው መጣ፤ ብርጭቆ ይዞ የሚስቅ ሰው ያለበት ወረቀት ነበር፤ በሩ ላይ ለጠፉት። እሱ ራሱ ሲመጣ ከመኪናው የታሸገ ውሃ አውጥቶ ነበር የሚጠጣው። እማማ አይተው "ዶክተሩም ይጾመዋል ለካ" አሉ።

ረዳቷ ብቻ ናት የሰማችን። በጠርሙሶች አረንጓዴ ውሃ ይዛ መጣች፤ ከአብጃታ ሐይቅ የቀዳችው አልጌ ነው። "ይሄ ተክል ነው፤ ፍሎራይዱን እሱ እንዲይዝልን አደርጋለሁ። ለሚመጣው ሁዳዴ ይደርሳል" አለችን። እንዳይሞት በየጠዋቱ ጠርሙሶቹን እንድነቀንቅ አሳየችኝ። ከሁለት ወር በኋላ ውጭ አገር የትምህርት ዕድል አገኘችና ሄደች። እኔ ውሃው እስኪሸትና እስኪጠቁር ድረስ ስነቀንቅ ነበር። በሽልማቱ ቀን አዳራሹ ውስጥ በስክሪን ሰላምታ የላከችው እሷ ናት። ፀጉሯ አምሮባታል።

አሁን የመንደራችንን ጥፋት ልንገርሽ። እንግዳ ደክሞልን፣ ከአዳማ ድረስ ተመላልሶልን፣ አንፈልግም እንዴት ይባላል? ስለዚህ ሴቶቹ በጾሙ አንድም ቀን ሳያጎድሉ መጡ። ተሰልፈው ቀዱ፣ "ገለቶማ" ብለው አመሰገኑ፣ ቤታቸው ጓሮ ወስደው ለአህያና ለልብስ አጠባ አደረጉት። የሚጠጣውን ከድሮው ጉድጓድ አመጡ። ጾሙ ሲፈታም ልማድ ሆኖ ቀረ። "ጠጥተዋል ብለሽ ጻፊ፤ ሰውየው እንዳይከፋው" ይሉኛል፤ እጽፋለሁ። እናቴ "በዚህ መንደር ጥርሱ የሚያምረው አህያው ሊሆን ነው" ትል ነበር። እሷ የንስሐ አባቷን ጠይቃ፣ ሕፃን ጾም የለበትም ስላሏት ለእህቴ ብቻ ለብቻ በትንሽ ጀሪካን ትቀዳለች። እህቴ የመጀመሪያውን ውሃ በማንኪያ ስትጠጣ አንገቷ ሥር ሲንቆረቆር ትዝ ይለኛል።

ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል ዶክተሩ መጥቶ መዝገቤን እንደ ታቦት በሁለት እጁ ተቀበለ። ገጹን እየገለበጠ "ሙሉ ተቀባይነት" ይላል ደጋግሞ። የሚቀርበት ቀን የለ፣ የማይጠጣ ቤት የለ። የምርምር ጽሑፉ በዚያ መዝገብ ተጻፈ። ፕሮጀክቱም ስለተሳካ ለማኅበረሰቡ ተላልፏል ተባለና የቆርቆሮው ቤት ቁልፍ ለእኔ ተሰጠ።

ብዙም ሳይቆይ ቀዩ ጠብታ መገርጣት ጀመረ። ከሰሉ ጠግቧል ማለት ነው፤ መቀየር አለበት። ምድጃው ያለው አዳማ ነው። ስልክ ስደውል "ስብሰባ ላይ ነኝ" አለኝ፤ በሦስተኛው ቀን ማንሳቱንም ተወ። ከገረጣው ውሃ አንድ ጠርሙስ ይዤ በሚኒባስ አዳማ ገባሁ። ቢሮው ግድግዳ ላይ ከሰርተፊኬት የተረፈ ቦታ አልነበረም። ቁጭ በይ አላለኝም።

"ጠብታው ገርጥቷል። ከሰሉ ይቀየርልን፤ ታናሽ እህቴ ገና ጥርሷ በቅሎ አላለቀም" አልኩት።

"ማኅበረሰቡ ራሱ ነው የሚቀይረው። ይሄን ያህል የወደደው ሕዝብ አጥንት ማሰባሰብ ያቅተዋል? መዝገብሽን እኮ አይቼዋለሁ።"

ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። "አልጠጡትም፣ ዶክተር።"

"ምን?"

"ለአህያ ነው የሰጡት። ጠጥተዋል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የጠጣችው እህቴ ብቻ ናት።"

ተነስቶ በሩን ዘጋው። መላ ሊፈልግልኝ መሰለኝ፤ እንዲያውም ደስ አለኝ።

"ለማን ተናግረሻል?"

"ለማንም።"

"ጎሽ። ዝም የምትዪ ልጅ መሆንሽን ገና መጀመሪያ አውቄዋለሁ።" ቁም ሳጥኑን ከፍቶ የፕሮጀክቱ ስም የተጻፈበት ኮፍያ ሰጠኝ። በዚያው ሰሞን ፕሮፌሰር ሆነ ሲባል ሰማን።

እሱን እንደምንቀው ፊቴ ላይ አይተሽ ይሆናል። ግን ኮፍያውን ተቀብዬዋለሁ። "አመሰግናለሁ"ም ብያለሁ።

እናቴ ተስፋ አልቆረጠችም። ከሥጋ ቤት አጥንት ለመነች፤ በአሮጌ ጋን ውስጥ አድርጋ አፉን በጭቃ መርጋ አቃጠለችው። አየር ገብቶት ኖሮ፣ ጥቁር መሆን ሲገባው ግማሹ ነጭ አመድ ሆነ፣ ግማሹ ሳይነድ ቀረ። ውሃው ከረፋ፤ እህቴ ጠጥታ አስመለሳት። ምድጃው እንዴት እንደሚሠራ ለማናችንም አላስተማሩንም ነበር፤ እኛን ያስተማሩን መቅዳትና መፈረም ነው። ከዚያ በኋላ እህቴም እንደ ሁላችን ከጉድጓዱ ጠጣች። እኔም ሥራ ፍለጋ ወደዚህ መጣሁ።

ባለፈው ዓመት የእህቴ የወተት ጥርሶች ወለቁ። አዲሶቹ ብቅ ሲሉ እናቴ ደወለችልኝ፤ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም "ነጭ ነው" አለችኝ። ቃሪያ እየከተፍኩ ነበር፤ ቢላውን አስቀምጬ እስክትዘጋው ድረስ ሰማኋት። ለፋሲካ ቤት ስሄድ ጥርሶቹ ከግማሽ በላይ ወጥተው ነበር። ጫፋቸው፣ የተጣራውን ውሃ ስትጠጣ ድዷ ውስጥ የተሠራው፣ የጠራ ነጭ ነው። ወደ ድዷ ሲጠጋ ግን ቡናማው ይጀምራል፤ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። እናቴ በየጠዋቱ የእህቴን ከንፈር ገልጣ ታያለች።

በበዓሉ ማግስት እህቴን ጉልበቴ ሥር አስቀምጬ ሹሩባ እሠራላት ነበር።

"ይቺ ነጯስ ከየት መጣች?" አለችኝ።

"ነጯ የበቀለችው እማዬ ለብቻሽ ውሃ ስትቀዳልሽ ነው።"

"ብዙ ቀን ቀዳችልኝ?"

"ብዙ ቀን።"

ምላሷን ጥርሷ ላይ እያመላለሰች ቆየች። "ታዲያ ለምን ተወችው?"

እናቴ በሩ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

"እማዬ አልተወችውም" አልኩ፤ በሩ ድረስ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። እናቴ ቀና አላለችም። ምስሯን መልቀም ቀጠለች።