አቡጀዲ ለመግዛት ከቁንዝላ የመጣችው ሴት

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። ከሥራው ጎን ለሁለተኛ ዲግሪዬ የማጠናው ሰው ዕቃ ሲገዛ የሚያሳየውን ጠባይ ነው። አማካሪዬ አዲስ አበባ ስለሆኑ የምንገናኘው በደብዳቤ ብቻ ነበር። አለቃዬ ርእሱን ሲሰማ ሳቀ።

«ዕቃ ካለ ሰው ይገዛል፤ ከሌለ አይገዛም። ምኑ ይጠናል?» አለኝ።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነበር። አንዲት ሴት ሳሙናዋን ሳታየው አንሥታ ትሄዳለች፤ ያችው ሴት ግን ለአንዲት ሻሽ ግማሽ ቀን ትቆማለች። ለአንዱ ልቧን ሰጥታ ለሌላው የምትነፍገው ለምንድን ነው?

በትምህርታችን ይህ ነገር የራሱ ስም አለው። እኔ «ተሳትፎ» ብዬ ተረጎምሁትና ጉዴ ፈላ። መጠይቄን ይዤ ገበያ ወጣሁና «በሚገዙት ዕቃ ላይ ያለዎት ተሳትፎ ምን ያህል ነው?» እያልሁ መጠየቅ ጀመርሁ። በዚያ ዘመን ተሳትፎ ማለት ስብሰባ ነው፤ ዘመቻ ነው፤ መዋጮ ነው። እንስራ ስትመርጥ ያገኘኋት አንዲት ሴት «ተሳትፌአለሁ እኅቴ፤ ካላመንሽ ቀበሌ ጠይቂ» ብላኝ እንስራውን ትታ ሄደች። ሌሎቹም ወረቀቱን ሲያዩ «ሁሉም ጥሩ ነው፤ ምንም አልጎደለብን» ይሉኛል። ማታ ማታ ቅጾቹን ሳገላብጥ ሁሉም ያንኑ ይላሉ።

ያዘኑልኝ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ሰው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። እርጅና ቢጫናቸውም ሱቃቸውን ራሳቸው ይከፍታሉ፣ ራሳቸው ይዘጋሉ።

«ልጄ፣ ወረቀት ያየ ሰው ምን ብሎ ይነግርሻል? ክተቺውና እዚህ ቁጭ በይ። ዝም ብለሽ ሲገዙ እያቸው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቃቸው ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ እቀመጥ ጀመር። ለጥናቱ ጠቀመኝ። ለእኔም ጠቀመኝ፤ ቅዳሜና እሑድን ከሰው ጋር አንድ ቃል ሳልነጋገር ማሳለፍ ለምጄ ነበር፤ እዚያ ግን ቢያንስ «እንዴት ሰነበትሽ?» የሚለኝ አለ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከሐይቁ ማዶ፣ ከቁንዝላ በመርከብ የመጣች ሴት ገባች። የቀሚሷ ጫፍ እንደ ራሰ ነው። አቡጀዲ ፈለገች። ሱቁ ውስጥ የነበረው አንድ ጣቃ ብቻ ነው፤ ዋጋውም የታወቀ ነው። በእኔ ሒሳብ ከዚህ የቀለለ ግዢ አልነበረም።

እሷ ግን ጣቃውን አስዘረጋችው። ጨርቁን ወደ በሩ ብርሃን እየሳበች፣ በጣቷ እየዳሰሰች፣ ክሩ የተቋጠረበት ቦታ ላይ ስትደርስ «ከዚህ አይቆረጥልኝ» ትላለች። ሐጂ ሳይሰለቹ ይዘረጉላታል። እኔ መታገሥ አቃተኝ።

«እትዬ፣ ሁሉም እኮ አንድ ነው። ለምን እንዲህ ይደክማሉ?»

«ለመገነዣ ነው» አለች፣ ዓይኗን ከጨርቁ ሳታነሣ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት። ማን ሞተብዎት?»

«ማንም አልሞተም። ለእናቴ ነው፤ ራሷ ናት የላከችኝ። ‹በዓይኔ አይቼው ልቀመጥ፤ ቋጠሮ እንዳይኖርበት› ብላኛለች። ደግሞ አንቱ አትበይኝ እቴ፤ ያን ያህል አልበልጥሽም።»

እርሳሴን ኪሴ ከተትሁት።

ጨርቁ ተቆርጦ እስኪታጠፍ ፀሐይ ዘቀዘቀች። እሱ ዘንድ ልታድር ያሰበችው ዘመዷ ወደ መሸንቲ ሄዶ ኖሮ ማደሪያ አጣች፤ መርከቡ የሚመለሰው በማግስቱ ነው። ሐጂ ወደ እኔ ዞረው «እዚች ልጅ ዘንድ እደሪ፤ ብቻዋን ናት» አሏት። ስለ ኑሮዬ አንድም ቀን ነግሬአቸው አላውቅም።

ድልድዩን ተሻግረን ዓባይ ማዶ ወደ ተከራየሁት ክፍል ገባን። በሩ ላይ ቆማ ዙሪያውን ተመለከተች። አልጋው አለ። ሻንጣዬ ወለሉ ላይ ነው፤ መጻሕፍቴ ካርቶን ውስጥ ናቸው፤ መስኮቱ ላይ የለጠፍሁት ጋዜጣ ነው።

«ዛሬ ነው እንዴ የገባሽው?»

«ሁለተኛ ክረምቴ ነው።»

«ዕቃሽስ?»

«ይኸው ነው።»

በላምባ ምድጃዬ ሽሮ ሠርቼ በላን። ብርጭቆዬ አንድ ስለነበር ሻዩን በየተራ ጠጣን። ሳይጨልም እንደገና ልየው ብላ አቡጀዲውን ዘረጋችና «ያን ጫፍ ያዢልኝ» አለችኝ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ወጥረን ይዘን አየነው፤ ከዚያ እኩል እየተራመድን አጣጠፍነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ከሌላ ሰው ጋር አንድ ነገር ስሠራ የመጀመሪያዬ ነበር።

«የእናቴ እናት በችጋር ጊዜ ነው የሞተችው» አለችኝ። «በተጣፈ ጨርቅ ገንዘው ቀበሯት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴን ይከነክናታል። አንቺስ፣ እናት አለሽ?»

«አለች፤ ደብረ ማርቆስ ናት።»

«ምን ትወዳለች?»

ሰው የሚወደውን ለማወቅ ወረቀት ይዤ ከተማውን የምዞር ሴት፣ መልሱን አጣሁት። ዝም ከምል ብዬ «ነጭ ነገር ትወዳለች» አልኋት። እውነት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጠዋት ወደቡ ድረስ ሸኘኋት።

«ቁንዝላ ነይ። ከመርከብ ስትወርጂ የጠየቅሽው ሰው ሁሉ ቤቴን ያሳይሻል። እናቴም ትይሽ» አለችኝ።

«እመጣለሁ» አልኋት። መርከቡ ከዓይኔ እስኪሰወር ቆምሁ። እሑድ ስለነበረ የምሄድበት አልነበረኝም፤ ሐይቁ ዳር ስዞር ዋልሁ።

ስለ እሷ ብዙ ገጽ ጻፍሁና ለአማካሪዬ ላክሁ። ምርጫ በሌለበት፣ ዋጋው በታወቀ ዕቃ ላይ ሰው እንዴት ልቡን ሊሰጥ እንደሚችል አሳየሁ ብዬ ነበር። «ደስ ይላል፤ ግን አንዲት ሴት ማስረጃ አትሆንም» ብለው መለሱልኝ። እንደ ትምህርቱ ሕግ ልክ ነበሩ፤ ከጥናቱ አወጣሁት። የመመረቂያ ጽሑፌ አለፈ። ባሕር ዳር ውስጥ ደስታዬን የነገርሁት ለሐጂ ብቻ ነው።

ወደ ቁንዝላ ልሄድ አንድ ጊዜ ከከተማ ለመውጣት የሚጠየቀውን የይለፍ ወረቀት አወጣሁ። ወደቡ ድረስ ሄጄ፣ ሰዉ ኬሻውንና ዶሮውን ይዞ ሲሳፈር እያየሁ ቆምሁ። ደርሼ «ማን ነበርሽ?» ብትለኝስ የሚል ሐሳብ ያዘኝ። አንድ ሌሊት ያሳደርኋት ሰው ናት፤ ምኗ ነኝ? ሳልሳፈር ተመለስሁ።

ወደ አዲስ አበባ ከመዛወሬ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ሐጂ ከቁንዝላ በመጣ ሰው በኩል መልእክት እንደ ደረሳቸው ነገሩኝ። ባለ አቡጀዲዋ ሴት «ያቺ ልጅ ምን ሆና ቀረች?» ብላ ጠይቃለች።

«ምን ብዬ ልላክባት?» አሉኝ።

«ሥራ በዝቶባት ነው ይበሏት» አልኋቸው።

ሥራ አልበዛብኝም ነበር።