የዓርብ ድንች

ደክሞኛል። ይህን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል፤ የደከመ ሰው ሲያወራ ወይ ያስረዝማል ወይ ያሳጥራል እንጂ ልኩን አያገኝም። ጎንደር ከገባሁ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። ፀዳ፥ እናቴ ቤት፥ ጧት ተነሥቼ ጉልበቷን በሞቀ ውኃ አሻለሁ፤ ቀን ውኃ መጣ አልመጣ እያልሁ ባልዲ እደረድራለሁ፤ ሲመሽ ቤልጅየም ለቀሩት ባሌና ሁለት ልጆቼ እደውላለሁ። የመጣሁት እናቴ "ልቆርብ ነው" ስላለችኝ ነው። አባቴን ከቀበረች ቆይታለች። ንስሐዋን ጨርሳ፥ ከዘመድ ከጎረቤት ይቅር ተባብላ፥ ሥጋ ወደሙ መቀበል ነው የቀራት። ቀኑም ተቆርጧል።

እሷ ንስሐዬን ጨርሻለሁ ትላለች። እኔ ግን የጎደለ አንድ ነገር አውቅ ነበር። ሁዳዴን የሚያህል ጾም በገዛ እጄ አስገድፌያታለሁ፥ እሷ አታውቅም። ካልነገርኋት ሳትናዘዘው ልትቆርብ ነው። ብነግራት ደግሞ በዚህ ዕድሜዋ፥ በዚህ ጉልበቷ ምን እንደምትሆን እንጃ። ሁለት ወር ሙሉ ጧት ጧት "ዛሬ እነግራታለሁ" እያልሁ ጉልበቷን ብቻ አሽቼ እነሣ ነበር።

ቤልጅየም የምንኖረው ደች በሚነገርበት ወገን፥ የቦይ ውኃ መሀሏን በሚያቋርጣት ከተማ ነው። እኔ መጦሪያ ቤት ውስጥ ሽማግሌና አሮጊት አጥባለሁ፥ አለብሳለሁ፥ አነሣለሁ። ባሌ መጋዘን ውስጥ የማታ ፈረቃ ይሠራል፤ እኔ ስገባ እሱ ይወጣል። ልጆቹ ለምሳ ቀዝቃዛ ዳቦ በሳጥን ይዘው ይሄዳሉ፤ ማታም ያው ዳቦ ነው። የአገሩ ሰው ትኩስ ምግብ በቀን አንዴ ካገኘ ይበቃዋል፤ እኛ ቤት ደግሞ ያቺ አንዷም በየተራ ነበረች። ወጡን እሑድ ሠርቼ ፍሪጅ ውስጥ እከተዋለሁ፥ የመጣ የመጣው እያሞቀ ይበላል። ማን በላ ማን አልበላ የማውቀው በታጠበው ሳህን ነበር።

ግብዣ አልጠፋም። አንድ ጊዜ የባሌ አለቃ ቤተሰቡን በሙሉ እራት ጠራን። በትልቅ ጥቁር ድስት ጥቁር ቅርፊት ያለው የባሕር ነገር ቀቅለው አመጡና፥ ቅርፊቱን እየከፈቱ እየመጠጡ "ብሉ" አሉን። ባሌ አየኝ፥ እኔም አየሁት። "ዛሬ ረቡዕ ነው፥ ጾም ነን" ብዬ ተረፍሁ ስል፥ ጉድ በል የጎንደር ሰው፥ ልጄ ጥርት ባለ ደች "ማክሰኞ ነው እኮ!" ብላ አስረዳቻቸው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። ያን ቀን ድንቹን ብቻ ለቅመን ተመለስን።

እናቴ ቤልጅየም የመጣችው ከዓመታት በፊት፥ ከገና በኋላ ነው፥ ለአምስት ወር። ኮሶዬ ከብት የሞላበት ቤት ያደገች፥ በሬ ሲታረድ ምኑም የማይጣልበትን ሙያ የምታውቅ ሴት ናት። እኛ ቤት ግን ሥራ አልነበራትም። ሁዳዴ ገባ። ሽሮ ሠርቼላት እሄዳለሁ፤ ስመለስ እንዳለ ይቆየኛል።

"ምነው አልበላሽም እምዬ?"

"ከማን ጋር ልብላ?"

በየቀኑ ይህንኑ። አንድ ቀን አሥራ ሁለት አሮጊት አጥቤ ገብቼ፥ ወገቤ ተቆርጦ፥ "እዚህ አገር ሰው ለብቻው ነው የሚበላ! ልመጂው!" ብዬ ጮኽሁባት። ሳህኑን አንሥታ ወደ ግድግዳው ዞራ ሁለት ጉርሻ በላችልኝ። ያን ጀርባዋን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ በራሴ አፍሬያለሁ።

ከዚያ ዓርብ መጣ። ዓርብ ትምህርት ቤት በዘጠኝ ሰዓት ይለቀቃል። እናቴም ጾሟን የምትፈታው በዘጠኝ ሰዓት ነው። እኔ ከሥራ የወጣሁ፥ ባሌ ሥራ ያልገባ። በሳምንት ውስጥ አምስታችንም ሥራ ሳይዘን የምንገናኝባት ሰዓት ይቺ ብቻ መሆኗን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ቦዩ ዳር አንድ ቀይ ፊት ያለው ግዙፍ ሰውዬ ድንች የሚጠብስባት ጎጆ ነበረች። ድንች፥ ዘይት፥ ጨው! ከዚህ የበለጠ የጾም ምግብ ከየት ይመጣል? ማዮኔዙን "እንቁላል አለበት" ብዬ አስቀረሁ። በጥንቃቄዬ እኮራ ነበር፥ ሞኟ።

አንድ ትልቅ ወረቀት ሙሉ ገዝተን አግዳሚው ላይ ተደረደርን። እናቴ አማትባ የመጀመሪያዋን አፏ ውስጥ አደረገችና ቆም አለች።

"ምነው፥ ጨው በዛው?" አልኋት።

ልጆቹን አየች። አንዱን ወረቀት ግራና ቀኝ ይዘው ይሻማሉ፤ ባሌ በመሀላቸው እጁን ይሰዳል። "ሸጋ ነው" አለች። ከዚያ ከቦርሳዋ ሚጥሚጣዋን አውጥታ ነሰነሰችበትና እያንዳንዳችንን ማጉረስ ጀመረች። ልጄ "እጇ ቆሻሻ ነው" ብላ ስትሸሽ የነበረችው ያን ቀን አፏን ከፍታ ተሰለፈች። ሰውዬው ከጎጆው አንገቱን አውጥቶ አየንና በነጋታው ላገኘው ሰው ሁሉ ሳያወራው አልቀረም። ከዚያ ወዲያ እስከ ሆሳዕና አንድ ዓርብ አልቀረንም። ዝናብ ሲዘንብ በአንድ ጃንጥላ ሥር ነበርን። እዚያ አገር በኖርሁበት ዘመን ደስ ብሎኝ በላሁ የምለው እነዚያን ዓርቦች ነው።

እናቴ ተመለሰች። እኛም ዓርብን አልተውንም። በዓመቱ በሌላ ሁዳዴ፥ ልጆቹን ይዤ ቆሜ ተራ ስጠብቅ፥ ሰውዬው አዲስ ካርቶን ቀደደ። ካርቶኑ ላይ የበሬ ራስ ተሥሏል። ከውስጡ ነጭ ድፍን ነገር አውጥቶ ብረት ድስቱ ውስጥ ጨመረው። "ይሄ ምንድን ነው?" አልሁት፥ እያወቅሁ። "የበሬ ሞራ ነዋ! ጣዕሙ ከየት የመጣ መሰለሽ?" አለኝ ደረቱን ነፍቶ። ያመሰገንሁት መስሎታል፥ ምስኪን። ልጆቹን እጃቸውን ጎትቼ ሄድሁ። ከዚያ ወዲያ ወደዚያች ጎጆ አልተመለስንም፥ እኔም ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርሁም።

እናቴ በስልክ ሁልጊዜ "ዓርብ ሄዳችሁ?" ትለኛለች። "ሄድን" እላታለሁ። ስንት ዓመት ዋሸኋት! እሷ ደግሞ ከእኛ በተመለሰች ዓመት ጉልበቴን፥ ጉልበቴን ማለት ጀመረች። ጎረቤቷ ስግደት እንዳበዛች ስትነግረኝ በስልክ ተቆጣኋት፤ "ምነው በዚህ ዕድሜሽ? እግዜር ጉልበትሽን ስበሪ አለሽ?" ብያት ቅባት በሰው ላክሁላት።

ባለፈው ዓርብ ኮሶዬ ወሰድኋት። እሷም እኔም "አያ" የምንለው ታላቅ ወንድሟ እዚያ ነው፤ በድሮ የእርሻ ወሰን ተኳርፈው ስለነበር ሳትቆርብ ይቅር መባባል ነበረባቸው። ተቃቅፈው ተላቀሱ፥ አለቀ። እንዴት እንደቀለላት አይቼ ቀናሁ። ማኪና እስኪመጣ መንገድ ዳር ያለች ምግብ ቤት ገባን። ጉሙ ወርዶ ይበርዳል፤ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሴትዮዋ ቅቅል ድንች በትሪ አቀረበችልን። እናቴ ሚጥሚጣዋን አወጣች። ድንቹን ሳየው አልቻልሁም፥ እንባዬ መጣ።

"እምዬ፥ ያ ድንች..."

"የቱ ድንች?"

"ያ እዚያ አገር፥ በሁዳዴ ያበላሁሽ። በዘይት አልነበረም የሚጠበስ። በሞራ ነው። የበሬ ሞራ። እኔም አላውቅም ነበር፥ በእመቤቴ። ሳትናዘዢው እንዳትቆርቢ ብዬ ነው።"

ድንቹን ልጣ ጨረሰች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና ሳቋ መጣ።

"ሞራ መሆኑን ነው ይኸን ያህል ተጨንቀሽ የምትነግሪኝ? ይኸው እዚህ መንደር ሞራ ሳቀልጥ ያደግሁ ሰው ሽታው ይጠፋኛል? በመጀመሪያው ቀን፥ ገና አፌ ሲገባ ነው ያወቅሁት።"

"ታዲያ ምነው በላሽ?"

"ልጆችሽ ከአንድ ዕቃ ሲበሉ ያየሁት እዚያ ብቻ ነዋ።"

"ምነው አልነገርሽኝ ታዲያ?"

"ብነግርሽ መች ትወስጂን ነበር?"

ከዚያ ሁሉንም አወጋችኝ። ጎንደር በገባች በሳምንቱ ለነፍስ አባቷ ተናዝዛ ኖሯል። ለእኛ ለማናውቀው ጭምር እሷው ንስሐውን ተቀብላ፤ ከበዓለ ኀምሳ በቀር ዓመት ሙሉ ዓርብ ዓርብ መቶ መቶ ስግደት። ሁሉንም ሰግዳለች፥ አንዱንም ሳታጎድል። እኔ ቅባት የላክሁለት፥ ሁለት ወር ጧት ጧት የማሸው ጉልበት ለካ ይኸ ነው።

"ደግ አደረግሁ" አለች፥ ሚጥሚጣውን እየነሰነሰች። "ባይሆን ዓርብን አገኙ። አሁንስ አንቺ እዚህ ሆነሽ ማን ይወስዳቸዋል?"

ልዋሽ ፈልጌ ነበር። ለዓመታት የለመድሁት ውሸት ነው፥ አፌ ላይ ነበር። ግን ልትቆርብ የተዘጋጀች ሴት ፊት ተቀምጬ አቃተኝ።

"አይሄዱም እምዬ። ሞራ መሆኑን ካወቅሁ ወዲያ አልወሰድኋቸውም። አሁን ሁሉም እንደ ድሮው ለየብቻው ነው የሚበላ።"

እጇ ትሪው ላይ ቀረ። ጾምሽን ገደፍሽ ስላት የሳቀችው ሴት አሁን ፊቷ ጠቆረ። ቀስ ብላ፦

"በዘይት ምነው አልጠበስሽላቸውም? ቤትሽ?" አለችኝ።

የበሬ ሞራ፥ ጾም፥ ንስሐ እያልሁ ስጨነቅ በኖርሁበት ዘመን ሁሉ ይቺ ነገር አንድ ቀንም አልመጣችልኝም። ድንችም ዘይትም ነበረኝ። ዓርብም በየሳምንቱ ይመጣ ነበር።

"ደክሞኝ ነበር" አልኋት።

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከድንቹ ቆርሳ አፌ ውስጥ ጨመረችና "ስትመለሺ ጥበሺላቸው። ደክሞሽም ቢሆን" አለች።

ውጭ ሚኒባሱ ጡሩምባውን ነፋ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ሁለት እጇን ዘረጋችልኝ። ይዤ አነሣኋት፤ ጉልበቷ ሲንቋቋ ሰማሁት።