በአራስ ቤት ሥር ያለፈው ቧንቧ

ደባርቅ ውስጥ መሬት የሚቆፍር ሰው አስቀድሞ ደርቤን ይጠይቃል። በወጣትነቱ የከተማውን የውሃ ቧንቧ በዶማ ቆፍረው ከቀበሩት አንዱ ነው። "እዚህ እንዳትነኩ" ካለ የሚነካ የለም። እኔ ጎረቤቱ ነኝና ኩራቱ ያናድደኝ ነበር፤ ግን ተሳስቶ አያውቅም።

በ2001 ዓ.ም. ልጁ እየሩስ የበኩር ልጇን ልትወልድ ከዳባት ወደ እናቷ ቤት መጣች። ደርቤም ለአራሷ የምትሆን ክፍል ከቤቱ ጀርባ ሊቀጥል ተነሳ። በግቢው የቀረች ቦታ ያቺው ብቻ ነበረች።

"ቧንቧው በዚህ አያልፍም እንዴ?" አልኩት።

"ታንጉት፣ ቧንቧውን የቀበርኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?"

ዝም አልኩ። ያ ዝምታዬ ዛሬም ይቆጨኛል።

የመሠረቱን ጉድጓድ ሲቆፍር ማንንም አላስጠጋም። ክፍሏ በሰኔ አለቀች፤ እየሩስ በሐምሌ ወንድ ልጅ ወለደች። አልጋዋ በጓሮው ግድግዳ ሥር ተነጠፈ።

ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ሌላ ሰው ሆነ። ጠዋት ጠዋት ጭቃ አቡክቶ ያንኑ ግድግዳ ከውጭ ይመርጋል። ለጠየቀው ሁሉ በዝናቡ ያሳብባል። ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ሲቆም የሰፈሩ ሴቶች "የልጅ ልጁ ናፍቆት ነው" እያሉ ይስቁበታል። እኔ ግን አንድ ነገር አየሁ። ውሃ ወደ ሰፈራችን የሚለቀቀው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ግድግዳው ይበልጥ የሚርሰውም በእነዚያው ቀናት ነው። ፈራሁ።

ልጁ በተወለደ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ውሃ መጣ። አራሷ ዘንድ ተቀምጠን ሳለ ደርቤ በሩን በርግዶ ገባ።

"እየሩስን ወደ ትልቁ ቤት አውጧት!"

ሚስቱ ሸጊቱ ተቆጣች። "አብደሃል? በዚህ ብርድ አራስ ይወጣል? አርባው እንኳ ሳይሞላ!"

"እዚያ ይሞቃታል።"

"እዚህም ሞቋታል። ይልቅ አንተ ውጣልን!"

ግድግዳውን አየ፤ ሕፃኑን አየ።

"ቧንቧው ከሥራችን ነው" አለ። "ስቆፍር በዶማ በሳሁት። በጎማ ጠቅልዬ መልሼ ቀበርኩት።"

ሕፃኑን እኔ አፈፍ አደረግሁ፤ እየሩስን እነሱ ደግፈው አወጧት። ግቢውን አቋርጠን ሳንጨርስ ግድግዳው ከነማገሩ አልጋው ላይ ወደቀ።

እየሩስ ቆማ ፍርስራሹን አየችው። 

"አባዬ፣ አልጋዬን እዚያ ስታነጥፍልኝ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር፣ ልጄ።"

ልጇን ከእኔ ተቀብላ ጀርባዋን ሰጠችው። በሳምንቱ ባሏ መጥቶ ወሰዳት። ሕፃኑ ክርስትና የተነሳው ዳባት ነው። ሸጊቱና እኔ ተጠርተን ሄድን፤ ደርቤን የጠራው የለም።