ዳር ያለውን ውሃ የሚወስድ አዙሪት

የማጠናውን ባሕር አይቼው አላውቅም። ያለው ዲላ፣ ቢሮዬ ውስጥ፣ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ይደርቃል። ከጥልቁ ውቅያኖስ የሚመጣ አዙሪት በየብሱ ዳር፣ ጥልቀት በሌለው ባሕር ላይ ያለውን ፍሰት ምን እንደሚያደርገው ነው የማጠናው። አንዳንዴ ያዘገየዋል፤ አንዳንዴ ጭራሽ ወደ ኋላ ይመልሰዋል።

ባለፈው ሳምንት ተደውሎ በምርምር መርከብ ላይ እንድሠራ፣ ከዚያም እዚያው ውጭ አገር ትምህርቴን እንድቀጥል መመረጤ ተነገረኝ። ከዚያ ወዲህ እግሬ አላርፍ አለ። ቁጭ ብድግ ስል የቢሮ ጓደኛዬ «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እያለ ይተርበኛል። እሱ ምን አለበት! ጨለለቅቱ ከተማ ከእኔ ሌላ ልጅ የሌላት እናት ያለችው ለእኔ ነው።

ቅዳሜ ልነግራት ሄድኩ። ሚኒባሱ ይርጋጨፌ ላይ ሰው እስኪሞላ ሲቆም መታገሥ አቅቶኝ ወርጄ በሞተር ቀጠልኩ።

ስደርስ ቤቱ ከእናቴ ጋር በሚጸልዩ የቤተ ክርስቲያን እህቶች ሞልቷል። ሰላምታ እንኳ ሳልጨርስ መሐል አስቀመጡኝና እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። «ጌታ ሆይ፣ ይህን ልጅ ከውሃ ጠብቀው! ዮናስን እንዳወጣኸው አውጣው!» እያሉ በጌዴኦኛ ጮኹ። እናቴ «ልጄ ባሕር ያጠናል» ብላቸው ባሕር ላይ የምውል መስሏቸው ይሆናል አልኩ። በሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። ያን ቀን ግን ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ እንጃ።

ሲሄዱ እናቴ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እስቲ ንገረኝ፣ የባሕሩን ምኑን ነው የምታጠናው?»

ዋናውን ወሬ የማዘገይበት ሰበብ በማግኘቴ ደስ አለኝ። እሷ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ለዓመታት ሠርታለች።

«እማዬ፣ ቦዩ ውስጥ ቡናውን በእንጨት ስትገፊ፣ ከእንጨቱ ኋላ ውሃው ይዞር የለ?»

«ይዞራል እንጂ! ዳር ያለውን ቡና ወደ ኋላ ሲመልስብኝ ስንቴ ተበሳጭቻለሁ።»

«ባሕሩም እንደዚያው ነው። ግን አዙሪቱ ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ አገር ያክላል። ዳር ያለውን ውሃ ጎትቶ ወደ ጥልቁ ይወስደዋል።»

የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልል ጀመር።

«የተወሰደው ይመለሳል?»

መልሱን አውቀዋለሁ፤ ጥቂቱ ይመለሳል፣ የቀረው እዚያው ተቀላቅሎ ይቀራል።

«የሚመለስም አለ» አልኳት።

«መቼ ነው የምትሄደው?»

ቀና ብዬ አየኋት። ስለ መርከቡ ትንፍሽ አላልኩም ነበር።

«ረቡዕ ስትደውል ድምፅህ ሌላ ነበር። ደግሞ ሦስቴ ‹ደህና ነሽ ወይ?› አልከኝ። እህቶችን የጠራኋቸው ለዚህ ነው» አለችና ከጎረቤት የተዋሰቻቸውን ወንበሮች ልትመልስ ተነሣች።

እንባዬን በእጅጌዬ ጠርጌ ሁለት ወንበሮች ተሸክሜ ተከተልኳት።