የተጋደመው በርሜል

ኮምቦልቻ ከተከራየሁት ቤት ጓሮ የተጋደመ የውሃ በርሜል አለ። ዛሬ ጠዋት ሳላስበው በጣቴ አንኳኳሁት። ያ ባዶ ድምፅ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ አባባ አጠገብ አደረሰኝ።

ውሃ ከጠፋ ሰንብቶ ነበር። አባባ በርሜላችን ውስጥ ዱላ ከትቶ አወጣና የራሰውን አየ። "ከፍታው ሩብ ነው፤ ሩብ በርሜል አለን" አለ።

እኔ ደግሞ የክብ ስፋት ገና መማሬ ነበር። "አባባ፣ የተጋደመ በርሜል ወገቡ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ ነው። አንድ አምስተኛም አይሞላም!" አልኩት።

ወዲያው ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ቢጫ ጀሪካን ይዘው ገቡ።

"ወላሂ፣ የሚጎድልባችሁ ከሆነ ይቅር" አሉ።

"ኧረ ግማሽ አለ! ይቅዱ እንጂ" አለ አባባ። አፌን ልከፍት ስል ትከሻዬን ያዝ አድርጎ፣ "ሂሳብሽ ልክ ነው፤ ለኛ ብቻ ይሁን" አለኝ በጆሮዬ።

እትዬ ዘይነባ ሊቀዱ ጎንበስ ሲሉ ጀሪካኑ በርሜሉን ገጨው። በርሜሉ እንደ ከበሮ ድው አለ። ቀና ብለው አባባን አዩት።

"አልሃምዱሊላህ፣ ብዙ አለ" አሉና ቀድተው፣ መርቀውን ወጡ።

ሲሄዱ ጀሪካናቸው ውስጥ ውሃው ይንቦጫረቅ ነበር። እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ሙሉ ጀሪካን እንደዚያ አይንቦጫረቅም።